አበባ ቤት ውስጥ የጮኸው መሣሪያ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ትንሽ እውነት፣ ግማሽ እውነት፣ «እንዲህ ሲባል ሰማሁ» ዓይነት እውነት አይደለም፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። የውሸት ፍንጣሪ ከተገኘበት የሚተርከው ምላስ እንደ ዓሣ በረዶ ላይ ይዘርጋና አላፊ አግዳሚው ዋጋ ይጠይቅበት። ከዚህ በላይ የሚምል ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነውና መሐላው እዚህ ላይ ይብቃ።

ሰውየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ፍሪጅ ጠጋኝ ሲባል ግን በየሰፈሩ ኮምፕሬሰር ደብደብ ደብደብ አድርጎ «ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ የሚሄደው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እሱ እጁን ያላሳረፈበት ማቀዝቀዣ በከተማው ውስጥ የለም። ሥጋ ቤቱም፣ የመድኃኒት መጋዘኑም፣ የዓሣ ጫኙ መኪናም፣ በበጋ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው የሚጠበሱበት የፍርድ ቤቱ አዳራሽም የሚተነፍሱት በእሱ ነው። አንድ ጊዜ የበረዶ ፋብሪካውን ኮምፕሬሰር ከአጥር ውጭ ቆሞ በድምፁ ብቻ የቱ ብሎን እንደላላ ተናግሯል። ሲታይ እውነትም ላልቶ ተገኘ። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ያልላላ ብሎን አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ምቀኛ የሌለው ትልቅ ሰው ደግሞ የት ይገኛል?

በስሙ የሚጠራው የለም። «አፍንጫው» ነው የሚባለው። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት ሲጠየቅ «ሕዝቡ» ይላል። ምክንያቱም ከቱቦ ያመለጠ ጋዝ ከመንገድ ማዶ ይሸተዋል።

«ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም ይላሉ» ይላል አገጩን ከፍ አድርጎ። «ቀለም የለውም፣ እውነት ነው። ሽታ የለውም የሚለው ግን አፍንጫ ለሌለው ሰው ነው። እኔን ገላዋን የታጠበች ሕፃን አንገት ትሸተኛለች። ትንሽ ጣፈጥ ትልና እልም።»

አዎ፣ ጋዟን እንደ ሴት ልጅ ነው የሚያወራት። በሙያው ሰዎች አፍ «መቶ ሠላሳ አራት» ትባላለች። የመዝገብ ስሟ ረጅም ነው፤ ሃይድሮጂን፣ ፍሎሪንና ካርቦን ሆነው የወለዷት ስለሆነች ሃይድሮፍሎሮካርቦን ከሚባለው ዘር ናት። በሰማያዊ ጣሳ ታሽጋ ትመጣለች። ጣሳው ውስጥ ተጨቁና ፈሳሽ ናት፤ በሩ ሲከፈትላት ግን ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ እንኳ ትፈላለች።

«አስቡት እስቲ!» ይላል። «እኛ ጥርሳችን በሚንገጫገጭበት ብርድ እሷ ትፈላለች። ለመፍላት ደግሞ ሙቀት ያስፈልጋታል። ከየት ታመጣለች? ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከአበባው። ሰው ፍሪጅ ብርድ የሚሠራ ይመስለዋል። ብርድ የሚባል ነገር አይሠራም፤ እሷ ተሸካሚ ናት። ሙቀቱን ከውስጥ ትሸከማለች፣ በጀርባ በኩል ታራግፋለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች። አንድ ቀን ደከመኝ አትል። አመሰግናለሁ የሚላትም የለም።»

እሳት አይያያዛትም። ከአየር ስለምትከብድ ካመለጠች ወለል ለወለል ነው የምትሳበው። ፈሳሿ ቆዳ ላይ ካረፈ እንደ ፍም ይለበልባል፤ አፍንጫው አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን ነጭ ጠባሳ እያሳየ «ስማኝ ነው» ይላል። ጥፋትም አለባት፣ ያለ ጥፋት ዘመድ የለምና። ከእሷ በፊት የነበሩት ጋዞች ከፀሐይ የሚከልለንን የሰማይ ሽፋን ይበሱት ነበር። እሷ ሽፋኑን አትነካም፤ ነገር ግን አየር ላይ ከወጣች እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ሆና ምድርን ታሞቃለች። ስለዚህ አፍንጫው አንዲት ትንፋሽ አይለቃትም። አሮጌ ፍሪጅ ሲፈታ በመሣሪያ ስቦ ወደ ጣሳዋ ይመልሳታል። «አሁን አሁን በሌላ እየተኩብኝ ነው» ሲል ድምፁ ልጁን እንደሚድር አባት ይሰበራል።

ከጋዟ አብልጦ የሚወደው አንድ ፍጡር ብቻ ነው። እሷም ሚስቱ ናት።

ሚስቱ አበባ ሻጭ ናት። ሱቋ በልብስ ሰፊና በቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ከበሩ ጀምሮ ባልዲ በባልዲ ናት። ወጣትነቷን የሰው ሱቅ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ስትለቅም አሳልፋ፣ በገዛ ጣቷ ያቆመቻት ሱቅ ናት። ደስ ሲላት ወደ ሱቋ ትሄዳለች፤ ሲከፋትም ወደ ሱቋ። እናቷ የሞተች ጊዜ እንኳ ዕንባዋ የደረቀው ሱቁን ከፍታ የባልዲዎቹን ውሃ ስትለውጥ ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ የመስተዋት በር ያለው የአበባ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ሲጋቡ አፍንጫው ከተጣለ የለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ የሠራላት ነው። ሌላው ባል ወርቅ ይገዛል፤ እሱ ሳጥን ገጠመ። የሰማይ ስባሪ የሚያክል ሳጥን! በሜትር ለለካው ቁም ሣጥን ያህላል፤ ግን ለሚስቱ የሠራውን በሜትር የሚለካ ምን ዓይነት ወንድ ነው?

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን አንድ ጠዋት አፍንጫው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመና አየሩን ሳብ አደረገ።

«ሳጥንሽ ታሟል» አለ።

«ምን ሆነ ደግሞ?» አለች ሚስቱ፣ እጇ ላይ ያለውን የጽጌረዳ እቅፍ ሳታስቀምጥ።

«ጋዝ እያመለጠው ነው። ጽጌረዳዎቹን አታያቸውም? ቀብር እንደመጣ ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሠርግ አዳራሽ ያላት አንዲት ሴት ለመጪው ቅዳሜ አዳራሽ ሙሉ ነጭ አበባ አዝዛለች፤ ካማረላት ከእንግዲህ ሠርጉን ሁሉ ለዚህች ሱቅ ልትሰጥ ቃል ገብታለች። ያለዚያ ቃል ሱቋ ያንን በጋ እንደማትሻገር ባልና ሚስቱ እያወቁ አይነጋገሩበትም ነበር። ሳጥኑ ከሞተ አበባው ይሞታል፤ አበባው ከሞተ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሚስቱ ጠዋት ተነሥታ ወዴት እንደምትሄድ አፍንጫው ሊያስበው ሞከረና አቃተው።

ጃኬቱን አወለቀ። ሳጥኑን ከግድግዳው ስቦ ጀርባውን ከፈተው።

ወዲያው በጎረቤት በር በኩል አንድ ራስ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ ናት፣ የሚስቱ ታላቅ እህት፤ ሦስት መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ተሳድባ የምታድር ሴት።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ምኑን ነው የምትፈታው? ትናንት ውሃዬን ላስቀምጥ እጄን ብከት ጥርሴ ተፋጨ። ይሄ ሳጥን እንኳን አበባ እኔንም ያደርቃል።»

«እትዬ፣ እርስዎ ጨርቅዎን ይስፉ።»

«እኔ ስሰፋ ቀዳዳውን አይቼ ነው። አንተ የሌለ ቀዳዳ ትጠቅማለህ።»

አፍንጫው በስኒ ሳሙና በጠበጠ፤ በብሩሽ እያጠቀሰ የመዳብ ቱቦውን ከመገጣጠሚያ እስከ መገጣጠሚያ ቀባ። ጋዝ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ አረፋው እንደ ሕፃን ምራቅ ይነፋል። አልነፋም። መስተዋት እያስጠጋ ማዶ ማዶውን አየ። አሁንም አልነፋም። የጋዟን ግፊት የሚለካውን ጌጅ አሰረ፤ መርፌው መቆም ያለበት ቦታ ላይ እንደ ወታደር ቀጥ አለ። ጋዟ ሙሉ ናት፤ አልጎደለችም። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን «ደህና ነው» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄድ ነበር። ታላቅና ታናሽ ባለሙያ የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ታላቁ ደህና በሆነ ነገር ላይ ሳይቀር በሽታ ያገኛል።

በዚህ መካከል ስልኩ እረፍት አልነበረውም። ሥጋ ቤቱ ጠራው፣ ዓሣ ጫኙ ጠራው፣ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሙሉ ጠራው።

«ሰውዬ፣ ሂድ እንጂ» አለችው ሚስቱ። «የሰው ሥጋ ይበላሻል።»

«ይበላሽ። የሞተ ነው፣ ሁለተኛ አይሞትም። ይሄ ግን አበባ ነው።»

ሚስቱ ሳቅ አለችና «ሪባን ላምጣ» ብላ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባች። ሪባን ለማምጣት ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ትንሽ ላብ ነበረ፤ የያዘችውም ሪባን አልነበረም፣ መቀስ ነው። አፍንጫው ግን ራሱን ሳጥኑ ውስጥ ቀብሮ ስለነበር ይህን አላየም።

በማግሥቱ የመጨረሻውን ጦር መሣሪያ ይዞ መጣ። ጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ረጅም አንገትና ጫፉ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አፍንጫ አለው። ሲከፈት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይቆጥራል። መቶ ሠላሳ አራት ስትሸተው ግን ይጮኻል።

«ሁለት አፍንጫ ለአንድ ሳጥን!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምነው፣ ያንተው አረጀ?»

«እሱ ለምስክርነት ነው፣ እትዬ። የእኔ ብቻ ሲሆን ሕዝቡ አያምንም።»

ጋዟ ወለል ለወለል ስለምትሄድ አፍንጫውም ወለል ለወለል ሄደ። በእንብርክኩ፣ በሆዱ፣ በባልዲዎቹ መካከል፣ በረገፈው ቅጠል ላይ እየተሳበ የመሣሪያውን አንገት በየጥጉ አስገባ። አንዲት አሮጊት ደንበኛ ለራት ጠረጴዛ አበባ ልትገዛ ገብታ ከእግሯ ሥር ሽበታም ራስ ሲወጣ ብታይ እቅፏን ጥላ ሄደች። ከኮምፕሬሰሩ ሥር፣ ጠብ፣ ጠብ። ከቱቦው ጥምዝ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከበሩ ጎማ፣ ጠብ። ምንም።

ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ተነሣ። ሚስቱ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ የነጭ ሊሊ ግንድ ትቆርጣለች። መሣሪያውን እንደያዘ በጎኗ ሊያልፍ ሲል፣ ጮኸ።

ጩኸት ሲባል የዋዛ አይደለም። መንገድ ላይ መኪኖች ቆሙ፤ ቁልፍ ቀራጩ የያዘውን ቁልፍ አበላሸ፤ ሦስት ሰፈር ማዶ ያለ ውሻ መለሰለት።

«ኧረ ምንድን ነው!» አለች ሚስቱ ደንግጣ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጠብ፣ ጠብ። ቀረበ፤ ጮኸ።

«አንተ ጉደኛ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከበሩ። «እህቴን ጋዝ ሞላሃት እንዴ?»

«እስቲ ይምጡ፣ እትዬ። ይቅረቡ።» የመሣሪያውን አንገት ወደ እሷ አዞረው። ጠብ፣ ጠብ።

«አየህ? እኔ ባዶ ነኝ።»

«እርስዎ የሚያመልጥዎ በምላስ በኩል ነው። ለእሱ መሣሪያ አልተሠራለትም።»

ወደ ሚስቱ ተመለሰ። እጇን አስሸተተው፤ ዝም። ሽርጧን፣ ዝም። ጠጉሯን፣ ዝም። መቀሱን፣ ሊሊውን፣ ባልዲውን፣ ዝም። የመሣሪያው አንገት ቀስ እያለ ወደ አገጯ ወጣ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ደግሞ ጥርስ ሐኪም ሆንክ?» አለች። ግን ከፈተች፤ ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር የለመደችው ነገር እየሳቁ እሺ ማለት ነው።

መሣሪያው እሪ አለ።

አፍንጫው ቆሞ ቀረ። ጋዟን እንደ ልጁ ነው የሚያውቃት፤ ከቤት ስትወጣ የት የት እንደምትውል ያውቃል። መኪና ውስጥ ገብታ ሾፌሩን ታቀዘቅዛለች። ፋብሪካ ገብታ የፍሪጅ ግድግዳ የሚሞላውን አረፋ ትነፋለች። በትንሽ ጣሳ ሆና ከኮምፒውተር ላይ አቧራ ታባርራለች። ከሁሉም ትንሿ ጣሳዋ ደግሞ አውራ ጣት የምታህለዋ ናት፤ ሐኪሞች ኢንሄለር የሚሏት፣ አስም ያለበት ሰው አፉ ውስጥ አድርጎ የሚጫናትና ትንፋሹን የሚስባት። እዚያች ውስጥ መድኃኒቱን ገፍታ ወደ ሳንባ የምታደርሰው እሷው ናት፣ መቶ ሠላሳ አራት። በእርግጥ ያችኛዋ ለሰው ሳንባ ተብላ ለብቻዋ የጠራች ናት፤ መሣሪያው ግን ዘመድን ከዘመድ አይለይም።

መሣሪያውን አጠፋው።

«እመቤቴ» አለ። እመቤቴ የሚላት ወይ ሲያጠፋ ወይ ሲፈራ ነው።

«አቤት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፍንሽ?»

ሚስቱ መቀሱን አስቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ወደ እህቷ ጠጋ አለች። ሚስቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባች፤ ሪባኖቹ ከሚቀመጡበት መሳቢያ ትንሿን መድኃኒት አውጥታ መጣችና ባንኮኒው ላይ፣ በሊሊዎቹ መካከል አስቀመጠቻት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ግን በሽታውንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ነበር የደበቀችው።

«ሐኪሙ ከአበባው ራቂ አለኝ» አለች። «ብናኙ ነው አለ። ልነግርህ ነበር። ግን አውቅሃለሁ፣ ነገውኑ ይዘጋ ትለኛለህ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

«እኔ የምፈራ ሰው ነኝ?»

«አንተን አይደለም የፈራሁት። ‹ተይው› ስትለኝ ‹እሺ› እንዳልልህ ነው የፈራሁት።»

እዚህ ላይ አፍንጫው አንድ ንግግር አደረገ። እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ መንገድ ላይ ተሰምቶ አይታወቅም። ቁልፍ ቀራጩ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ ልብስ ሰፊዋ በሙሽራ ልብስ ዕንባዋን ጠረገች፤ ሊሊዎቹ ሳይቀሩ ወደ እሱ ዘንበል አሉ። ንግግሩ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦

«አልዘጋውም። ሳጥኑን አየሽው? ብርድ አይሠራም ብዬሻለሁ። ሙቀቱን ተሸክሞ ያወጣል፤ አበባው በቦታው ይቆያል። እኔም ብናኙን ተሸክሜ አወጣዋለሁ፤ አንቺ በቦታሽ ትቆያለሽ። እኔን አፈር ይብላኝ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለተኛ ከመደርደሪያ ጀርባ ገብተሽ አትተንፍሺ። እዚህ፣ ፊቴ ተንፍሺ።»

ሚስቱ እጇን ዘርግታ ከጠጉሩ ላይ የተጣበቀ የረገፈ ቅጠል አነሣችለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሄዶ ማየት ይችላል። ከሱቁ ጀርባ በግድግዳው ከፍታ ላይ አየር ስቦ የሚያስወጣ ማራገቢያ ገጠመ፤ ወፍ አጠገቡ ብትበር ይስባታል። ሊሊ የሚባል ነገር ከመስተዋቱ በር ውጭ እንዳይቀመጥ ከለከለ። የሊሊ ክፋቱ ከመሐሉ የሚቆመው ብርቱካንማ ዘንግ ነው፤ ብናኙ እሱ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አፍንጫው በየጠዋቱ ከሚስቱ ቀድሞ ሱቁን ይከፍታል፤ አፉን ሸፍኖ፣ ኮምፕሬሰር በሚፈታበት ወፍራም ጣት እያንዳንዱን ሊሊ ይከፍትና ዘንጎቹን አንድ በአንድ ይቀነጥባል። አበባዋ እንዳትቀደድ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወደ ሥጋ ቤቱ ይሮጣል። ቀኑን ሙሉ ጣቶቹ ብርቱካንማ ናቸው።

«ሂና የተቀባህ ሙሽራ መስለሃል» ትለዋለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሙሽራ ነኝ፣ እትዬ። የእርስዎ እህት ሁልጊዜ ነው የምታገባኝ።»

ሐኪሙም ዘንድ አብረው ሄዱ። ሐኪሙ ማራገቢያውንና የጣቱን ነገር ሰምቶ፣ ሚስቱ በየቀኑ የምትወስደው ሌላ መድኃኒት ጨመረላትና «እናያለን፤ ካልተባሰ ትሥራ» አለ። አፍንጫው ለምስጋና ብሎ የመድኃኒቷን ጣሳ ከእንግዲህ ራሱ ሊሞላላት እንደሚችል፣ ቤቱ ሙሉ በርሜል መቶ ሠላሳ አራት እንዳለው ተናገረ። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ።

«እንዳታስበው! ያንተ የማሽን ነው፣ ለሰው አይሆንም። ደግሞም ጋዙ መድኃኒት አይደለም። ጋዙ አህያው ነው፣ መድኃኒቱ ጭነቱ።»

አፍንጫው ጋዟ አህያ ተብላ ስትሰደብ ለሳምንት ያህል ቅር ብሎት ሰነበተ። ሚስቱ ናት ያጽናናችው፤ «ጭነቱን ማን ያደርስልኛል ታዲያ፣ አህያው ባይኖር?» ብላ።

የቅዳሜው ሠርግም አማረ። የአዳራሹ ሴት አበባውን እያየች አዳራሹን ዞረችና «ቀጣዩም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ያንቺ ነው» አለች። ሙሽራዋ ከሙሽራው ይልቅ አበባውን ታይ ነበር የሚለውን አፍንጫው ነው የጨመረው፤ እሱም ቢሆን እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ታሪክ አፍንጫው ወደ ሱቁ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ይተርከዋል። ከሰሞኑ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ለባለቤቱ አበባ ሊገዛ ገባ፤ ሚስቱ ባንኮኒው ላይ እቅፉን እያሰረች ሳለ አፍንጫው መሣሪያውን ከግድግዳው አውርዶ ከጽጌረዳዎቹ መጠውለግ ጀምሮ እስከ ውሻው ድረስ ተረከለት። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ሰማ።

«አይ ሙያ!» አለ። «አይ መሣሪያ! ይህ ሁሉ እንግዲህ ሳጥኑ ባይበላሽ ኖሮ ሳይታወቅ ይቀር ነበር ማለት ነው።»

«ሳጥኑ አልተበላሸም ነበር» አለች ሚስቱ።

ቀና አላለችም፤ ሪባኑን እየጠመዘዘች ነው።

«እንዴት?» አለ ሾፌሩ።

«ጽጌረዳዎቹም አልጠወለጉም። የዚያን ዕለት ጠዋት የመጡ ነበሩ።» ድምፅዋ የአበባ ዋጋ እንደምትነግር ሰው ዝግ ያለ ነበር። «የቤታችንን ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሰምቶኝ ነው። እኔ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ደረጃው ላይ እቆማለሁ። እሱ ደግሞ ከኋላዬ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ይቆማል። ክር የሌለው ጫማ ነው የሚያደርገው። መጠየቅ አቃተው መሰለኝ፤ ሥራውን ሁሉ ትቶ መጣና ደህናውን ሳጥን እየፈታ እየገጠመ አጠገቤ ዋለ።»

አፍንጫው መሣሪያውን እንደያዘ ቆሟል። ሾፌሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ።

«መሣሪያውስ? መቼም ጮኋል።»

«ጮኋል» አለች። «ሲጫኑት የሚያስጮኸው መሞከሪያ ቁልፍ እጀታው ላይ ነው። ጣቱ ሲጫነው አይቼዋለሁ። መጀመሪያም ሲጫነው፣ አፍሽን ክፈቺ ብሎኝም ሲጫነው።»

ሪባኑን ቆረጠች፤ እቅፉን አዙራ አየችውና ለሾፌሩ አቀበለችው።

«ዝም አልኩት» አለች። «ከሦስታችን አንዱ መናገር ነበረበት።»